የባሕር አረምና የከብት ግሣት
ሜቴንን ከጨጓራ ውስጥ ስለ መቀነስ

ከብት የበላውን ሣር መልሶ የሚያመሰኳ እንስሳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሲያመሰኳ ግን ዓይን የማያየው፣ አፍንጫም የማያሸተው አንድ ጋዝ ከአፉ እንደሚወጣ ብዙ ሰው አያስተውልም። ይህ ጋዝ ሜቴን ይባላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የእንስሳት መኖ መርማሪዎች፣ አንድ ዓይነት ቀይ የባሕር አረም በጥቂቱ ከመኖ ጋር ቢደባለቅ ይህን ጋዝ እጅግ አድርጎ እንደሚቀንሰው አሳይተዋል። ወሬውም «ከመቶ 98 እጅ ይቀንሳል» እየተባለ በሰፊው ተነግሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት፣ ደግሞም ያ 98 የተባለው ቁጥር ለየትኛው ከብት እንደሚሆንና ለየትኛው እንደማይሆን መለየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሜቴን ከየት ይመጣል?

የላም፣ የበግና የፍየል ሆድ አራት ክፍል አለው። ከአራቱ ትልቁ በዱለት የምናውቀው ጨጓራ ነው፤ በትልቅ ላም ውስጥ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ጨጓራን ከጠላ ጋን ጋር ቢያመሳስሉት ከእውነት የራቀ አይሆንም። በጋኑ ውስጥ ብቅሉ ሲብላላ አረፋና ጋዝ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በጨጓራም ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ተሐዋስያን ሣሩንና ገለባውን ያብላሉታል። ላሟ ራሷ ሴሉሎስ የተባለውን የገለባ አካል ልትፈጭ አትችልም፤ የሚፈጩላት እነዚህ ተሐዋስያን ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ላም በጭድ ላይ እንደ ሰው ትራብ ነበር።

ከዚህ መብላላት ላሟ ኀይል የምታገኝባቸው አሲዶች ይወጣሉ፤ ከእነርሱም ጋር ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅኑ መውጫ አጥቶ ቢጠራቀም መብላላቱ ራሱ ይሰናከላል። ነገር ግን አርኪያ የሚባሉ ሌሎች ተሐዋስያን በዚያው በጨጓራ ውስጥ ይኖራሉ፤ እነዚህም አራት የሃይድሮጅን ሞለኪውሎችን ከአንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ጋር አዋሕደው አንድ ሞለኪውል ሜቴንና ውሃ ያደርጉታል። ስለዚህ ሜቴን መሥራት ለጨጓራ፣ ለጎጆ ቤት ጢስ መውጫ እንደ ማለት ነው። ላሟም ጋዙን የምታስወጣው ብዙ ሰው እንደሚመስለው በኋላዋ አይደለም፤ አብዛኛው የሚወጣው በግሣትና በትንፋሽ ነው።

ይህ ጋዝ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው ለዓለም አየር ነው። አንድ ኪሎ ሜቴን በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከ27 እስከ 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይሠራል። በሰው ሥራ ምክንያት ወደ አየር ከሚገባው ሜቴን ውስጥም ሲሶ ያህሉ ከቤት እንስሳት የሚመጣ ነው። ሜቴን በአየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ቢቀነስ ጥቅሙ ለልጅ ልጅ ሳይተላለፍ በዚሁ በእኛ ዕድሜ ይታያል።

ሁለተኛው ጉዳት ለባለ ከብቱ ነው። ሜቴን የሚነድ ጋዝ ነው፤ ይኸውም ኀይል አለው ማለት ነው። ያ ኀይል የመጣው ከብቱ ከበላው መኖ ነው። እንደ መኖው ዓይነት፣ በመኖው ውስጥ ካለው ኀይል ከመቶ ከ2 እስከ 12 እጅ የሚሆነው ሜቴን ሆኖ በከንቱ ይወጣል። ገበሬው በድካም ያመጣው ጭድ ከፊሉ ወተትም ሥጋም ሳይሆን አየር ሆኖ ይቀራል።

አልጌ ወደ ገንዳ እንዴት ገባ?

የባሕር አረም የምንለው በእውነቱ አረም አይደለም። አልጌ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ እንደ ምድር ተክል ሥርና አበባ የለውም። አረንጓዴ፣ ቡናማና ቀይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል።

ለከብት መስጠቱም አዲስ ነገር አይደለም። በ46 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የዩልየስ ቄሣር ሠራዊት በሰሜን አፍሪካ ጦርነት ላይ ሳለ መኖ ቢያጣ፣ ወታደሮቹ ከባሕር ዳር አልጌ ሰብስበው በጣፋጭ ውሃ እያጠቡ ለተራቡት እንስሶቻቸው እንደ ሰጡ በዘመኑ ታሪክ ተጽፏል። በስኮትላንድ ሰሜን በምትገኘው በኖርዝ ሮናልድሴ ደሴት ደግሞ በ1832 በጎቹ ወደ እርሻውና ወደ ግጦሹ እንዳይገቡ የድንጋይ ካብ በደሴቲቱ ዙሪያ ተሠራ። በጎቹም ከካቡ ውጭ በባሕሩ ዳር ቀርተው አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ አልጌ እየበሉ የሚኖሩ ሆኑ።

አዲሱ ነገር አልጌን ለሆድ መሙያ ሳይሆን ለሜቴን መከልከያ መስጠት ነው። የዚህም መነሻ በካናዳ ልዑል ኤድዋርድ ደሴት የሚኖር አንድ የወተት ላም አርቢ ያስተዋለው ነገር ነው። በባሕሩ ዳር ማዕበል የጣለውን አልጌ የሚበሉት ላሞቹ፣ ከባሕሩ ርቀው ከሚግጡት የተሻለ ሁኔታ አሳዩት። ሮበርት ኪንሊ የተባሉ መርማሪ ከባልደረባቸው ጋር ያን አልጌ በቤተ ሙከራ ሲፈትኑት ሜቴንን በመጠኑ እንደሚቀንስ አገኙ። ቀጥሎም በአውስትራሊያ 20 ዓይነት አልጌዎች ከጨጓራ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ተፈተኑ። በ2014 በታተመው ውጤት ከሁሉ በልጦ የተገኘው አስፓራጎፕሲስ የተባለው ቀይ አልጌ ነበር፤ በፈተናው ብልቃጥ ውስጥ ሜቴኑን ከመቶ 99 እጅ ያህል አጥፍቶታል።

ይህ አልጌ ለሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ታክሲፎርሚስ የተባለውን ዝርያ ከናፖሌዎን ጦር ጋር ወደ ግብጽ የመጡት ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ደሊል ከእስክንድርያ ባሕር አግኝተው በ1813 ስም ሰጥተውታል። የሐዋይ ሰዎችም ሊሙ ኮሁ ብለው እንደ ቅመም በምግባቸው ላይ ይጨምሩታል።

አሠራሩ

የአስፓራጎፕሲስ ኀይል ያለው ብሮሞፎርም በሚባል አንድ ውሕድ ውስጥ ነው። አልጌው ብሮሞፎርምን የሚያዘጋጀው ለከብት ብሎ አይደለም፤ በባሕር ውስጥ የሚበሉትን እንስሳትና የሚያጠቁትን ተሐዋስያን ለመከላከል ነው። በልዩ ሕዋሳት ውስጥም አከማችቶ ያኖረዋል።

አርኪያዎቹ ሜቴንን የሚሠሩት በኤንዛይሞች አማካይነት በየእርምጃው ነው። ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች በአንዱ ላይ የቫይታሚን ቢ12 ዘመድ የሆነ ውሕድ ያስፈልጋቸዋል። ብሮሞፎርም ከዚህ ውሕድ ጋር ተጣብቆ ሥራውን ያሰናክለዋል። በቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ጭራሮ ቢሰካ ቁልፉ እንደማይገባ ሁሉ፣ የመጨረሻው እርምጃ ስለሚዘጋ ሜቴን አይሠራም። ሴሉሎስን የሚያብላሉት ሌሎቹ ተሐዋስያን ግን በዚህ መንገድ ስለማይተዳደሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጢስ መውጫው ከተዘጋ ሃይድሮጅኑ ወዴት ይሄዳል? ከፊሉ ፕሮፒዮኒክ አሲድ በሚሠራበት መንገድ ይገባል፤ ይህም አሲድ ለላሟ ኀይል የሚሆን ነው። ከፊሉ ግን ሃይድሮጅን እንደ ሆነ በግሣት ይወጣል። ስለዚህ የተቀነሰው ሜቴን ሁሉ ወተትና ሥጋ ይሆናል ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በ2020 በታተመው የአውስትራሊያ ፈተና፣ እህል የበዛበት መኖ ለሚበሉ የሚደልቡ በሬዎች አስፓራጎፕሲስ ለ90 ቀን ተሰጣቸው። መጠኑ ከመኖው ከ1,000 እጅ 1 ሲሆን ሜቴኑ ከመቶ 40 እጅ ቀነሰ፤ ከ1,000 እጅ 2 ሲሆን ከመቶ 98 እጅ ቀነሰ። የታወቀው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

በ2021 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የታተመው ፈተና ደግሞ ለነገራችን ይበልጥ ያስተምራል። 21 በሬዎች ለ147 ቀን ተፈተኑ፤ መኖአቸውም በየጊዜው እየተለወጠ ነበር። ድርቆሹ ጥቂት፣ እህሉ ብዙ በሆነበት ጊዜ ሜቴኑ እንደ አልጌው መጠን ከመቶ ከ70 እስከ 80 እጅ ቀነሰ። ድርቆሹ በበዛበት ጊዜ ግን የቀነሰው ከመቶ ከ33 እስከ 52 እጅ ያህል ብቻ ነው። አልጌውም መጠኑም አንድ ነው፤ የተለወጠው ገለባነቱ ነው። መኖው ድርቆሽ ሲበዛበት ሜቴን ሠሪዎቹ ስለሚበረቱ፣ ያው መጠን አይበቃም። የበሬዎቹ ክብደት ግን ካልተሰጣቸው በሬዎች ክብደት አልተለየም፤ የበሉት መኖ ጥቂት ቀንሶ ያንኑ ክብደት አመጡ።

በ2024 የታተመው የግጦሽ ፈተና ደግሞ በአሜሪካ በሞንታና ክፍለ ሀገር የተደረገ ነው። 24 በሬዎች በሜዳ ላይ እየጋጡ ሳሉ፣ አልጌው በደቃቅ ፍሬ መልክ በተሠራ መኖ ውስጥ ሆኖ በፈቃዳቸው እየመጡ ይበሉት ነበር። ሜቴኑም ከመቶ 38 እጅ ገደማ ቀነሰ።

እነዚህን ቁጥሮች በተራ ብናስቀምጣቸው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንልናል። በብልቃጥ 99፤ እህል በሚበላ ድልብ በሬ 98፤ ድርቆሽ በበዛበት ገንዳ ከ33 እስከ 52፤ በሜዳ 38። ከብቱ ከሰው እጅ እየራቀ፣ መኖውም እየሻከረ በሄደ መጠን ቁጥሩ ይወርዳል። በገንዳ የሚበላ በሬ በእያንዳንዱ ጉርሻ ጥቂት ብሮሞፎርም ያገኛል፤ በሜዳ የሚውለው ግን ጠዋት የበላው አልጌ ኀይሉ ሲያልቅበት ቀኑን ሙሉ ሣር ሲግጥ ይውላል። እንግዲህ መድኃኒቱ ተገኝቷል ማለት ይቻላል፤ ያልተገኘው መስጫው ነው።

ስለ ደኅንነቱና ስለ ብዛቱ

ብሮሞፎርም ሲበዛ መርዝነት አለው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከተባሉት ውሕዶች ጋር መድቦታል። በ2021 በሆላንድ በታተመ ጥናት አልጌውን ከበሉት ላሞች በአንዳንዶቹ ሽንትና ወተት ውስጥ ብሮሞፎርም ተገኝቷል፤ ታርደው ከተመረመሩትም ላሞች የጨጓራቸው ግድግዳ ተጎድቶ ታይቷል። ላሞቹም መኖውን አንዳንድ ጊዜ እንቢ ይሉ ነበር። በሌላ በኩል ከላይ በተጠቀሱት የአውስትራሊያና የካሊፎርኒያ ፈተናዎች በበሬዎቹ ሥጋ ውስጥ ብሮሞፎርም አልተገኘም። በ2019 በታተመው፣ በካሊፎርኒያ በ12 የወተት ላሞች ላይ በተደረገው ፈተና ደግሞ ከመቶ 1 እጅ ያህል አልጌ ሲጨመር ላሞቹ የሚበሉት መኖ ከመቶ 38 እጅ፣ ወተቱም ከመቶ 11 እጅ በላይ ቀንሶ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ጥቂቱ የሚጠቅመውን ያህል ብዙው እንደሚጎዳ ነው። አልጌው አዮዲን ስለሚበዛበት በወተት ውስጥ ያለውን አዮዲን ከፍ ማድረጉም ሊታሰብበት ይገባል።

መጠኑን መጠበቅም ቀላል አይደለም። ብሮሞፎርም በቀላሉ የሚተን ነገር ነው። አልጌው እንደ በርበሬ በፀሐይ ቢሰጣ ብዙው ይጠፋል፤ በብርድ ማድረቅ ወይም በምግብ ዘይት ውስጥ ማቆየት ይሻላል። በመጋዘንም ሲቆይ ኀይሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ብዛቱንም እንመልከት። አንድ በሬ በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል ብንል፣ ከ1,000 እጅ 2 ማለት በቀን 20 ግራም ደረቅ አልጌ ነው። ይህ በጣት የሚቆነጠር ነገር ነው። ለ1 ሚሊዮን በሬ ግን በቀን 20 ቶን፣ በዓመት 7,300 ቶን ይሆናል። በዓለም ላይ ላለው 1.5 ቢሊዮን ያህል የቀንድ ከብት ቢሰላ በዓመት 11 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደረቅ አልጌ ያስፈልጋል። በ2020 በዓለም ሁሉ የተመረተው ማንኛውም ዓይነት አልጌ ከነውሃው 36 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ አልጌ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ሲደርቅ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ይህን አልጌ በባሕር ላይ እንደ እርሻ መዝራት ግዴታ ነው፤ እርሻውም ገና በጅምር ላይ ነው።

ለእኛ አገር ከብትስ?

ቁጥሩን የሚያወርዱት ግጦሽና ሻካራ መኖ ናቸው ብለናል። ይህ ከሆነ ነገሩ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። አገራችን 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካም በዚህ ቀዳሚ ናት። ከብቶቻችን የሚበሉት አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ የበቀለ ሣር፣ የጤፍ ጭድ፣ የስንዴና የገብስ ገለባ፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ነው። ይህ ሁሉ የባሕሩ አልጌ ከሁሉ ያነሰ ኀይል ያሳየበት ዓይነት መኖ ነው። በላዩም ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና አልጌው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ይሆናል። በቢሾፍቱ፣ በሰበታና በሱሉልታ አካባቢ በበረት ታስረው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ለሚበሉ የወተት ላሞች አንድ ቀን ሊደርስ ይችል ይሆናል፤ እረኛ ለሚያግዳቸው ግን ዛሬ መንገዱ አይታይም።

ይሁን እንጂ ሜቴንን የምንቆጥረው በላም ብቻ ሳይሆን በሊትር ወተትም ጭምር መሆን አለበት። ላም ወተት ሰጠችም አልሰጠችም ነፍሷን ለማቆየት ትበላለች፤ ስትበላም ሜቴን ታወጣለች። በምሳሌ እንየው። አንዲት ላም በቀን 150 ግራም ሜቴን አውጥታ 2 ሊትር ወተት ብትሰጥ፣ ለአንዱ ሊትር 75 ግራም ሜቴን ይደርሰዋል። ሌላይቱ የተሻለ መኖ በልታ 250 ግራም ብታወጣና 10 ሊትር ብትሰጥ ግን ለአንዱ ሊትር የሚደርሰው 25 ግራም ብቻ ነው። ሁለተኛይቱ ከፊተኛይቱ ይበልጥ ታገሣለች፤ ነገር ግን ያንኑ ወተት ለማግኘት የወጣው ሜቴን በሲሶ ሆኗል። ይህም የሆነው ያለ አንዲት ቅንጣት አልጌ ነው። እርግጥ ይህ የሚጠቅመው የላሙ ቁጥር ሳይጨምር የወተቱ መጠን ሲያድግ ነው፤ በተሻለው መኖ ላይ ላሞቹንም ብናበዛ ጠቅላላው ሜቴን ይጨምራል።

የመኖው ማሻሻያም ከእጃችን የራቀ አይደለም። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ ረጭቶ፣ ሦስት ሳምንት ያህል አየር እንዳይገባው ሸፍኖ ማቆየት ጭዱን ይበልጥ የሚፈጭ ያደርገዋል። በደጋ ትሪ ሉሰርን፣ ውሃ ባለበትም አልፋልፋና ሰስባንያ ተክሎ ከጭዱ ጋር ማብላት ይቻላል። በፋጉሎ ውስጥ የሚቀረው ዘይትም ራሱ ሜቴንን በመጠኑ ይቀንሳል። አልጌው አንድ ቀን ቢመጣ እንኳ ሙሉ ኀይሉን የሚያሳየው በእንዲህ ያለ ለስላሳ መኖ ላይ መሆኑን ከላይ አይተናል። ስለዚህ መኖን ማሻሻል አልጌውን መተው አይደለም፤ ለአልጌው መንገድ መጥረግ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀር ሥራ አለ። ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች የተገኙት ከበቆሎ፣ ከአልፋልፋና ከውጭ አገር ሣር ነው። የጤፍ ጭድ ሲሆን ስንት ይሆናል? ይህን ለመጀመር 70 ሚሊዮን ከብት አያስፈልግም። ከቄራ በሚገኝ የጨጓራ ፈሳሽ፣ በሙቀት መጠበቂያ ዕቃና የጋዙን መጠን በሚለካ የብርጭቆ መርፌ ጭድን፣ የታከመ ጭድን፣ ጭድና ፋጉሎን ጎን ለጎን መፈተን ይቻላል። በብልቃጥ የተገኘ ቁጥር በሜዳ እንደሚወርድ ከአስፓራጎፕሲስ ተምረናልና፣ የብልቃጡን ውጤት እንደ መጨረሻ ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ልንይዘው ይገባል። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ እረኛው በየትኛው ሰዓትና በምን ዕቃ ሊሰጠው ይችላል የሚለው ነው፤ ከብቱ በፈቃዱ ከሚልሰው ከአሞሌ ጨው ጋር ማስማማት ይቻል እንደ ሆነም ለመመርመር የሚገባ ሐሳብ ነው።